ይድረስ ለዲሲ ስቱዲዮስ፦ የሱፐርገርልን «ነገ» ወስዳችሁ ለማን ሰጣችሁት?

አዲስ አበባ፣ ጥር 2018 ዓ.ም

ለተከበራችሁ የዲሲ ስቱዲዮስ ኃላፊዎች፣ ለአቶ ጄምስ ጋን እና ለአቶ ፒተር ሳፍራን

ግልባጭ፦ ለፊልሙ ዳይሬክተር ለአቶ ክሬግ ጊሌስፒ፣ ለስክሪፕት ጸሐፊዋ ለአና ኖጌራ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ላሉ ሲኒማ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ሰኔ 19 ለሚወጣው የሱፐርገርል ፊልም ቅሬታና ጥያቄ ስለማቅረብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው፣ እናንተ ጋ ከደረሰ ተርጓሚ አታጡም፣ ካልደረሰም እዚህ ያሉት የሲኒማ ቤት ሰዎች ያነቡታል፣ እነሱንም የሚመለከት ነገር ከታች አለ። ስራችሁን ወደማወደስ አልገባም፣ ለሱ ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሏችሁ። ሌላ፣ ዓመተ ምህረቱን በናንተ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ከላይ ያለው ጥር 2018 ግን በኛ ነው፣ ሰኔ 19 ያልኩትም በኛ ነው፣ በናንተ ጁን 26፣ 2026 መሆኑ ነው። እኛ ጋ ክረምት የሚገባበት ሰሞን።

እኛ ቴሌግራም ላይ የተሰባሰብን የኮሚክ፣ ማለትም በስዕል የሚነገር ታሪክ፣ አንባቢዎች ነን። ብዙ አይደለንም። የሁለት ልጆች እናት አለች፣ ባንክ የሚሰራ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለበትና ከግሩፑ ውጣ ብንለው እምቢ ያለ ልጅም አለ። ቶም ኪንግ የጻፈውን፣ ቢልኪስ ኤቭሊ የሳለችውን፣ ማቴውስ ሎፔስ ቀለም የቀባውን፣ ከ2021 እስከ 2022 በ8 ክፍል የወጣውን፣ ፊልማችሁ የሚነሳበትን «የነገዋ ሴት» የሚባለውን የሱፐርገርል ታሪክ አብዛኞቻችን ስልክ ላይ ነው ያነበብነው፣ እንዴት እንዳገኘነው አትጠይቁኝ፣ ወደሱም እመጣለሁ። በወረቀት ያለን አንድ ኮፒ ነው። የአንዷ አባላችን እህት ከቨርጂኒያ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከጫማ ጋር ጠቅልላ ያመጣችው ነው፣ እንደ ደብተር በላስቲክ ሸፍነነው ተራ እየያዝን ይዞራል፣ ገጽ ሀያ ምናምን ላይ የማኪያቶ ጠብታ አለ፣ ማን እንዳፈሰሰው እስካሁን ያመነ የለም። ያን ያህል ነው የምንወደው ለማለት ነው።

ታሪኩን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ላላነበቡት በአጭሩ ላስቀምጠው። ሩትዬ የምትባል የገጠር ልጅ አለች፣ ክሬም የሚባል ሰው አባቷን ይገድልባታል፣ እሷም ሰይፍ ይዛ የአባቷን ገዳይ የሚገድልላት ሰው ልትቀጥር ከቤቷ ትወጣለች። በዛው ሰሞን ካራ፣ ማለትም ሱፐርገርል፣ 21ኛ ዓመት ልደቷን ብቻዋን ልታከብር ፀሐዩ ቀይ ወደሆነበት ሩቅ ፕላኔት ሄዳለች፣ በቢጫ ፀሐይ ስር ጉልበቷ ስለሚመጣ መጠጥ አያሰክራትማ። መጠጥ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። ክሬም የካራን ውሻ ክሪፕቶን በመርዝ ቀስት ወግቶት መንኮራኩሯን ይዞ ይሰወራል፣ እነሱም በሕዋ አውቶቡስ እየተንጠለጠሉ ፍለጋ ይወጣሉ። ይሄን ሁሉ የምትነግረን ደሞ ሱፐርገርል አይደለችም፣ አርጅታ ወደኋላ የምታስታውሰው ሩትዬ ናት። መጨረሻውን አልናገርም፣ ኮፒው ገና ተራው ያልደረሳቸው አሉ።

ስሞቹ እኛ ጋ ሲደርሱ የሚሆኑት ነገር ራሱ ይገርማል። ሩትዬ እኛ ሀገር ቁልምጫ ነው፣ ሩት የምትባል ታናሽ እህት ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሩትዬ ነው የሚላት፣ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ልጅቷ የኛ ሆነች። ካራ ደሞ በኛ ቢላ ነው። ክሬም የፊት ቅባት ይመስላል፣ እሱን እንለፈው።

ዋናው ነገር ግን ስሙ አይደለም። እዚህ ሀገር ደም መመለስ የሚባል ነገር አለ። አባቱ የተገደለበት ልጅ ምን እንደሚጠበቅበት፣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚያየው፣ እናቱ ምን ብላ እንደምታለቅስ ከአያቶቻችን ሰምተናል፣ አንዳንዶቻችን ከዛም ቀረብ ያለ ነገር እናውቃለን። ደም ማድረቅ የሚባልም አለ፣ ሽማግሌ የሚገባበት፣ ካሳ የሚቆረጥበት፣ ሁለቱ ወገን የሚታረቅበት። ኮሚኩ የሚለው ነገር በነዚህ ሁለቱ መሀል ነው ያለው። ልጅቷ ደም ልመልስ ብላ ወጣች፣ አብራት ያለችው ደሞ ጋላክሲውን በጡጫ መሰንጠቅ የምትችል ሴት ናት፣ ታዲያ ለምን አትጨርሰውም? እያንዳንዱ ክፍል ይሄን ጥያቄ በሌላ በኩል እያዞረ ያመጣዋል። እኛ ግሩፕ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀንበታል፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ «እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ ሰይፉን አልይዝም ነበር» ብሎ የማንም ጭቅጭቅ ያልመለሰውን መለሰው፣ ምክንያቱን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ሁለተኛው ነገር ስደቱ ነው። ሱፐርማን የተወለደበትን ፕላኔት ክሪፕተንን አያስታውስም፣ ጨቅላ ሆኖ ነው የመጣው፣ ካንሳስ አድጎ ካንሳስ ነው ሀገሩ። ካራ ግን ታስታውሳለች። አርጎ የምትባለው ከተማዋ ፕላኔቱ ሲፈነዳ ተገንጥላ ተረፈች፣ ከዛ ግን ሰዉ ቀስ በቀስ ሲያልቅ እያየች ነው ያደገችው። እዚህ ጋ በውጪ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወዲያው ይገባቸዋል፣ በሁለት ዓመቱ የሄደ ልጅና በአስራ አራት ዓመቱ የሄደ ልጅ አንድ ቤት ቢያድጉም አንድ አይነት ሰው አይሆኑም። አንዱ ሀገር ቤት የሚባለውን ከፎቶ ነው የሚያውቀው፣ ሌላኛው ሽታውን ያውቀዋል። ኮፒውን ያመጣችልን እህት ይሄን ክፍል አውሮፕላን ውስጥ አንብባ ስትጨርስ አጠገቧ የተቀመጡ እናት «ልጄ ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ሶፍት እንደሰጧት ነግራናለች።

እንግዲህ ከዚህ ተነስታችሁ ቅሬታችንን ተመልከቱልን።

የመጀመሪያው ርዕሱ ነው። ፊልሙን በጥር 2023 ስታሳውቁ ስሙ ሙሉ ነበር፣ «ሱፐርገርል፦ ውመን ኦፍ ቱሞሮው»፣ በኛ የነገዋ ሴት። በ2025 «ሱፐርገርል» ብቻ ሆነ። እሺ፣ ፖስተር ላይ አጭር ስም ያምራል፣ ማርኬቲንግ ነው፣ ይሁን ብለን ነበር። መስከረም 2025 ላይ ግን የሚቀጥለውን የሱፐርማን ፊልም ስም አሳወቃችሁ፣ «ማን ኦፍ ቱሞሮው»፣ የነገው ሰው፣ በ2027 የሚወጣ። እንዴ! ነገን ከሷ ላይ ቆርጣችሁ ለሱ ሰጣችሁት ማለት አይደል? አውቃለሁ፣ የሱፐርማን የድሮ ቅጽል ነው፣ ኮሚኩም ርዕሱን ያወጣው ከዛ ነው። ግን የርዕሱ ጨዋታ እኮ እሱ ላይ ነበር፣ ሁሌም ከአጎቷ ልጅ ከሱፐርማን ጥላ ስር ያለች ሴት አንድ ጊዜ የሱን ቅጽል በራሷ ስም ለበሰች። እናንተ ከላይዋ ላይ አወለቃችሁባት። በ1959 ኦቶ ባይንደርና አል ፕላስቲኖ ከፈጠሯት ጀምሮ ልጅቷ የሰው ልብስ ቅሪት ስትለብስ ነው የኖረችው፣ አሁንም?

ሁለተኛው ፖስተሩ ላይ ያለው ጽሁፍ ነው። «እውነት። ፍትህ። ምናምን።» ነው የሚለው፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከዚህ የተሻለ ቃል የለውም፣ ምናምን። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳየው ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ልጅቷ የሰከረች፣ የሰለቻት፣ ምንም የማይገዳት እንደሆነች ለመንገር ነው፣ በሱፐርማን ፊልም መጨረሻ ላይም ለአፍታ እንደዛ ሆና ነው የመጣችው፣ ሞቅ ብሏት ውሻዋን ልትወስድ። ችግሩ ኮሚኩ ውስጥ ስካሩ የመጀመሪያው ክፍል ነው። ከዛ በኋላ ያለችው ሴት ከማናችንም በላይ የሚገዳት ሴት ናት። ከሰባት ክፍል በላይ ፍትህ ምንድነው እያለ የሚጠይቅ ታሪክ ፖስተሩ ላይ ፍትህን ከምናምን ጎን ካቆመ፣ ፊልሙ የትኛውን ገጽ አንብቦ እንዳቆመ እንጠረጥራለን።

ሎቦ። እሺ ሎቦ፣ ፊልሙ ውስጥ የጨመራችሁት ገጸ ባህሪ። እሱን የሚጫወተውን ጄሰን ሞሞአን አንጠላም፣ አኳማን ሆኖ ያዝናናን ሰው ነው፣ ለሎቦም መልኩም ድምጹም እንደተሰራለት ነው። ግን ኮሚኩን ከዳር እስከ ዳር ብትፈልጉት ሎቦ የለም። ሎቦ ማለት ሞተር ሳይክል ይዞ እያጨሰ እየሰደበ የሚገባ፣ በገባበት ክፍል ሁሉ አየሩን የሚጨርስ ገጸ ባህሪ ነው፣ አጠገቡ ያለ ሰው አይታይም። ሩትዬ ደሞ ቀስ ብላ፣ እንደ ድሮ መጽሐፍ ቃል እየመረጠች የምትናገር ልጅ ናት። ሁለቱን አንድ ሰርግ ላይ ብትጠሯቸው ማን ማይኩን እንደሚይዝ ግልጽ ነው። ፊልም ሁለት ሰዓት ምናምን ነው፣ ለሎቦ የሚሰጠው እያንዳንዱ ደቂቃ ከሆነ ሰው ላይ ይወሰዳል፣ እኛ የምንለምነው ከሩትዬ ላይ እንዳይሆን ነው፣ የክሬምን ቢወስድ ግድ የለንም፣ የጦርነቱን ቢወስድ እሰየው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የውሻው ነገር አለ፣ አጭር ነው። ክሪፕቶ ዓለምን አሸንፏል፣ የኔ እናት እንኳን «ያ ነጭ ውሻ ያለበት» ብላ ነው ሱፐርማንን የምታውቀው። አሁን ማስታወቂያው ሁሉ ውሻ ሆነ። ውሻው ሲመረዝ ሁላችንም እናዝናለን፣ ግን የሞተው የሩትዬ አባት ነው። ውሻ የተገደለበት ሰው ብድሩን ሲመልስ የሚያሳይ ፊልም ከዚህ በፊት አይተናል፣ ደግ ነበር፣ ይሄ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። ሦስተኛው ክፍል ላይ የሚያልፉባት ትንሽ ከተማ አለች፣ ንጹህ፣ ሁሉም ፈገግ የሚል፣ ሁሉም ሰላም የሚል። ነዋሪዎቹ ቆዳቸው ሰማያዊ ነው። ቀስ እያለ የምንረዳው ሐምራዊ ቆዳ ያላቸው ጎረቤቶች እንደነበሯቸው ነው፣ ክሬም የተቀላቀላቸው ወንበዴዎች ሲመጡ አሳልፈው ሰጥተዋቸዋል፣ ስለሱ የሚያወራ የለም፣ ሻዩ ይቀርባል፣ ሰላምታው ይቀጥላል። ኤቭሊ የሳለችው ያ ፈገግታ አሁንም ይታየኛል። በዚህ ክፍል ሱፐርገርል ማንንም አትመታም ማለት ይቻላል፣ የምትመታው ሰው ማን ነው? ከተማው በሙሉ ነዋ። ስቱዲዮ ውስጥ «ፊልሙ ረዘመ» ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠው እንዲህ አይነቱ ነው፣ ፍንዳታ የለውማ፣ ለትሬለርም አይሆንም። እዚህ ሀገር ለምንኖር ሰዎች ያ ክፍል ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገንም፣ ግሩፑ ላይ ስናነበው ለአንድ ቀን ሙሉ ማንም ምንም አልጻፈም፣ እኛ ግሩፕ ውስጥ ዝም ማለት ብርቅ ነው።

ስጋታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2007 ጋላክተስ የሚባለውን ፕላኔት የሚበላ ግዙፍ ፍጡር ፊልም ላይ ደመና አደረጉት፣ ደመና! የሰው ቅርጽ ይዞ ትልቅ ስክሪን ላይ እስኪመጣ እስከ 2025 ጠበቅን። በ2009 ዴድፑልን፣ አፉ የማይዘጋውን ሰውዬ፣ አፉን ሰፉት። ሰባት ዓመት ቆይቶ በዛው ተዋናይ እንደ ኮሚኩ ሲሰራ 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ780 ሚሊዮን በላይ አስገባ። እነዚህ የናንተ አይደሉም፣ አውቃለሁ፣ የናንተው ቤት ኮሚክ የሆነውን ዎችመንን እንውሰድ። የ2009ኙ ፊልም ስዕሎቹን ፍሬም በፍሬም ገልብጧቸዋል፣ ማንም አልገለበጠም ሊል አይችልም፣ መጨረሻ ላይ ግን ኮሚኩ የሚዘጋበትን ግዙፍ ስኩዊድ፣ ያንን ብዙ እጅ ያለው ፍጡር፣ አውጥቶ በሌላ ተካው። በ2019 የመጣው ተከታታይ ደሞ የኮሚኩን አንድም ገጽ ሳይገለብጥ፣ ስኩዊዱን አክብሮ ከዛ ቀጠለ፣ ቱልሳ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ወስዶ ስለ ሌላ ሰው አወራ፣ በዓመቱ 11 ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደ። እኛ ግሩፕ ውስጥ ከኮሚኩ ጋር ሲመሳሰል የቀረበው የትኛው ነው ብለን ድምጽ ሰጥተን ነበር፣ ተከታታዩ በሰፊው አሸነፈ። ስለዚህ እያንዳንዱን ስዕል ቅዱልን አላልንም። ልብሱን ቀይሩት፣ ፕላኔቱን ቀይሩት፣ አውቶቡሱን ባቡር አድርጉት። ታሪኩ የቆመበትን ምሰሶ ግን አትንቀሉት ነው የምንለው።

ባትገርልን ደሞ አልረሳንም። በነሐሴ 2022፣ እናንተ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ ጥቂት ወራት በፊት፣ ተቀርጾ ያለቀ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም ለግብር ሂሳብ ሲባል መደርደሪያ ላይ ቀረ። ውሳኔው የናንተ አልነበረም። በኋላ ግን አቶ ሳፍራን ፊልሙ ለዕይታ የሚበቃ እንዳልነበረ በአደባባይ ተናገሩ። ዋና ተዋናይዋ ሌዝሊ ግሬስ ወራት ሙሉ የለፋችበትን ስራ ሰው ሳያየው፣ እንዲህ አይነት ነበር መባሉ ለኛ ከመከልከሉም በላይ የከበደ ነበር። ሳይበላ ጨው በዛው የተባለ ወጥ ማለት ነው። የ1984ቱ የመጀመሪያው የሱፐርገርል ፊልም ሳይሳካ ሲቀር እሷን በራሷ ስም ትልቅ ስክሪን ላይ ለማየት ከአርባ ዓመት በላይ ነው የተጠበቀው። ወንዶቹ አንድ ፊልም ቢበላሽባቸው በሦስት ዓመት ሌላ ይሰራላቸዋል። አሁን ሱፐርገርልን የምትጫወተው ሚሊ አልኮክ ትከሻ ላይ ያለው ይሄ ሁሉ ነው፣ ፍትሃዊ አይደለም፣ ግን አለ።

ስለሷ ካነሳሁ አይቀር የራሳችንን ጉድም ልናገር። ሚሊ ስትመረጥ ግሩፓችን ውስጥ ስለ መልኳና ስለ ሰውነቷ የማይጻፍ የጻፉ ነበሩ። አጥፍቼዋለሁ፣ ሁለት ሰው አስወጥቻለሁ፣ አንዱ እስካሁን ያኮርፈኛል፣ ሰፈር ውስጥ ስንገናኝ መንገድ ያቋርጣል። በ2019 ካፕቴን ማርቭል የሚባለው ፊልም ገና ሳይወጣ ሰዎች ነጥቡን ለማውረድ ሲረባረቡ ፊልም የሚመዘንበት ድረ ገጽ ሮተን ቶማቶስ አሰራሩን እስከመቀየር ደርሶ ነበር፣ ይሄም በፋን ስም የተሰራ ነው። እኛ ከነሱ አይደለንም፣ ደብዳቤያችንን ከነሱ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉት።

የስም ነገር ደሞ አለ። ቢልኪስ ኤቭሊ ብራዚላዊት ናት፣ ማቴውስ ሎፔስም እንደዛው። ይሄ ኮሚክ ያለሷ መስመርና ያለሱ ቀለም ምንም ነው፣ ቶም ኪንግ ራሱ እንደማይከራከር እርግጠኛ ነኝ። ፊልሞች ላይ የኮሚክ ፈጣሪዎች ስም የሚመጣው የት ነው? መጨረሻ ላይ፣ ከሾፌሮችና ከምግብ አቅራቢዎች በኋላ፣ «ልዩ ምስጋና» በሚል በትንሽ ፊደል። ፈጣሪዎቹ ሲጀል እና ሹስተር በ1938 ሱፐርማንን በ130 ዶላር ነው የሸጡት፣ የድሮ ታሪክ ነው ትሉ ይሆናል። እሺ የቅርቡን፦ ኤድ ብሩቤከር፣ ዊንተር ሶልጀርን ከስቲቭ ኤፕቲንግ ጋር የሰራው ጸሐፊ፣ ፊልሙ ላይ ብቅ ብሎ በመጥፋቱ ያገኘው ክፍያ ገጸ ባህሪውን በመፍጠሩ ካገኘው እንደሚበልጥ ራሱ ተናግሯል። ያ ማርቭል ነው፣ እናንተ የተሻላችሁ ሁኑ።

እዚህ ላይ የግልባጩ ተራ ደረሰ፣ የሀገራችን ሲኒማ ቤቶች ሆይ። ስማችሁን አልጠራም። አምና ሐምሌ ላይ ዘጠኝ ሆነን ሱፐርማንን ልናይ አንዱ ጋ ገባን፣ ዝናብ ደብድቦን፣ ታክሲ አጥተን፣ የደረስነው ለትንሽ ነው። ፊልሙ አለቀ፣ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ መብራት ቦግ አለ፣ የጽዳት እህቶች መጥረጊያ ይዘው ገቡ፣ ከዛ ፕሮጀክተሩ ድርግም። ከስሞቹ መሀልና በኋላ የሚመጡ ትዕይንቶች እንዳሉ ሄደን ለሰውዬው ብንነግረው «አለቀ እኮ፣ ሰው ወጥቷል» አለን። እኛስ? ሰው አይደለንም? ታዲያ እነኤቭሊ ስማቸው መጨረሻ ላይ ከሆነና እናንተ መጨረሻውን ካጠፋችሁት፣ አዲስ አበባ ላይ እነዚህ ሰዎች አልተፈጠሩም ማለት ነው።

ኮሚኩን እንዴት እንዳገኘነው ብዬ ነበር። ሰርቀን ነው፣ በግልጽ ቋንቋ። ገዝተን ለማንበብ ሞክረናል፣ ባንክ የሚሰራው ልጃችን ራሱ ካርዱን ይዞ አንድ የኮሚክ አፕ ላይ ሦስት ቀን ታግሏል፣ መጀመሪያ ካርዱን አልቀበልም አለ፣ የዘመድ ካርድ ከውጪ ስናስገባ ደሞ «ባላችሁበት ሀገር አገልግሎቱ የለም» አለን። መክፈል የሚፈልግ ሰው ከበር ተመለሰ። ይሄን የምነግራችሁ ስርቆቱን ለማሳመር አይደለም፣ የሚያነቡትን ሰዎች ቁጥር ስትቆጥሩ እኛ እንደማንቆጠር እንድታውቁት ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄው ልግባ፣ የተራኪዋ ጉዳይ። ፊልም ሰሪዎች ተራኪ አይወዱም፣ «አሳይ እንጂ አትናገር» ይላሉ፣ ስለዚህ የሩትዬን ትረካ መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ እንዳትገላገሉት እንሰጋለን። እኛ ተራኪ አይሰለቸንም። ግማሻችን ፊልም ያየነው በትርጉም ነው፣ አንድ ሰውዬ ከላይ ሆኖ የሁሉንም ድምጽ ብቻውን እየተናገረ፣ አንዳንዴም «ተመልካች ሆይ፣ ይሄን ሰውዬ አስታውሱት» እያለ። ከዛ በፊት ደሞ ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብለን ነው ያደግነው፣ አያቶቻችን ሲያወሩ የት ጋ እንደሚያቆሙ፣ የቱን እንደሚደብቁ እናውቃለን። የሩትዬ ትረካ ጣዕሙ እዛ ነው፣ አሮጊቷ የምትለውና ልጅቷ ያየችው ሁሌ አንድ አይደለም። እሱን ካወጣችሁት የቀረው አንዲት ጠንካራ ሴት ሽፍቶችን ስታሳድድ ነው።

ስለዚህ በአክብሮት የምንጠይቀው፦

ፖስተሩን ቀይሩ አንልም፣ ታትሟል። ፊልሙ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ላይ ሙሉ ስሟ ይምጣ፣ የነገዋ ሴት ተብሎ፣ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ሩትዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትተርክልን፣ ሎቦ ሲገባም እሷው ትግለጸው፣ ምን እንደምትለው ለመስማት ራሱ ጓጉተናል። ያቺን ፈገግተኛ ከተማ አትቁረጡብን፣ ቆርጣችሁት ከሆነም ረጅሙን ቅጂ በኋላ አውጡት፣ ከዚህ በፊት የአራት ሰዓት ፊልም ለፋን ብሎ ያወጣው የናንተው ቤት ነው። አርጎን በችኮላ በሁለት ደቂቃ ፍላሽባክ አትጨርሱት። መጨረሻውን ለማለስለስም ለማክረርም ብላችሁ አትንኩት፣ ደም ይመለስ ወይስ ይድረቅ የሚለውን እኛው እንጨቃጨቅበት። የቢልኪስ ኤቭሊ እና የማቴውስ ሎፔስ ስም ከቶም ኪንግ ጎን መጀመሪያ ላይ ይጻፍ፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ መብራት ይበራል ብያችኋለሁ። የአማርኛ ሰብታይትል ብትጨምሩበት ደስ ይለናል፣ ካልቻላችሁ ፍቀዱልንና እኛ በነጻ እንሰራዋለን፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ ከፈተናው በኋላ ክረምቱን በሙሉ ነጻ ነው።

የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደሞ፣ ሰኔ 19 አርብ ነው፣ እኛ ለቅዳሜ ማታው ሀያ ትኬት በአንዴ እንገዛለን፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ታገኙናላችሁ። እባካችሁ የመጨረሻው ስም አልፎ እስኪያልቅ መብራቱን አታብሩት። የጽዳት እህቶቻችንም እስከዛ ይቀመጡ፣ ፖፕኮርኑን እኛ እንገዛላቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር

የግሩፑ አድሚን፣ ኮሚክ አንባቢ እና የአንዲት ሩትዬ ታላቅ ወንድም